የሙታን ንብረት የማን ነው?



ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ገጠር፣ ለሕፃናት የትምህርተ ክርስቶስ ማስተማሪያ የሚሆን አዳራሽ ለመሥራት መሠረት ይቆፈር ነበር። ጉድጓዱ ወገብ ያህል እንደ ጠለቀ የቆፋሪው ዶማ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ድንጋዩ ሲነሣ የሰው አፅም ተገኘ፤ በራስጌው አንዲት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ በደረቱም ላይ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች፣ የአውራ ጣት ያህል የነሐስ መስቀል ነበረች። ሟቹ ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተቀበረ የሚያውቅ ሽማግሌ በአካባቢው አልተገኘም።

ወሬ እግር አለውና በሦስተኛው ቀን አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚዞር አንድ ነጋዴ ደረሰ። ለመስቀሏና ለማሰሮዋ የጠራው ዋጋ የአዳራሹን ጣሪያ ቆርቆሮ ለማልበስ ይበቃ ነበር። ሕፃናቱ የሚማሩት ከባሕር ዛፍ ሥር እንደ ሆነ፣ ዝናብ ሲጀምርም ትምህርቱ እንደሚበተን ሁላችንም እናውቃለን። ክረምቱ ሊገባ ደግሞ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ።

በሰበካው ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት አረጋዊ ካቴኪስት ወደ እኔ መጥተው ነገሩን እንዲህ ሲሉ አቀረቡልኝ፦ «አባ፣ የሞተ ሰው ንብረት የማን ነው? ወራሽ የለው፣ ከሳሽ የለው። ለሆዳችን ብንሸጠው ነውር ነው፤ እኛ ግን ያሰብነው ለእግዚአብሔር ቤት ነው። ሕፃናቱ ቢጠለሉበት የሟቹስ ነፍስ ደስ አይላትምን?»

ጥያቄው ከክፉ ልብ የመነጨ አልነበረም። እኒህ አባት ከጎረቤት ማሳ የወደቀ እሸት እንኳ ሳያስፈቅዱ የማያነሡ ሰው ናቸው። እኔም በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ ፍትሕና ስለ ንብረት የተማርሁትን ባስታውስም ወዲያውኑ የምመልሰው አጣሁ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንነጋገራለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ድንጋዩን መልሰው ይክደኑት» ብዬ አሰናበትኋቸው።

መልስ ያጣሁት ግን በትምህርት ማነስ ብቻ አልነበረም። በዚያች ምሽት ዓይኔ በጠረጴዛዬ ላይ ካለች አንዲት ነገር ላይ ዐረፈና ልቤ ወቀሰኝ።

ከአፒያ መንገድ የመጣች ስባሪ

ከዐሥር ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ ሮም ተልኬ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር በጥንቱ የአፒያ መንገድ በእግር እንጓዝ ነበር። ይህ መንገድ ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም የገባበት ነው። በግራና በቀኙ የሮማውያን መቃብሮች ፍርስራሽ ተደርድሮ ይታያል። ከአንዱ ፍርስራሽ ሥር ቀይ የሸክላ ስባሪ አነሣሁና ለመታሰቢያ ብዬ ከኪሴ ከተትሁ። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም የሚቈጣኝ አልመሰለኝም። ስባሪዋ ከእኔ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥታ፣ መስኮት ሲከፈት ወረቀቶቼ እንዳይበተኑ መጫኛ ሆና ኖረች።

እንግዲህ የሌላ ሰው መቃብር ቁራጭ የወረቀት መጫኛ ያደረገ ካህን፣ ለሕፃናት ጣሪያ የተጨነቁትን አረጋዊ «አይገባም» ይላቸው ዘንድ በምን አፉ ይናገራል? ጥያቄው ወደ እኔው ተመለሰ። ስለዚህም በሮም ቤተ መዘክሮች ያየሁትንና ያን ጊዜ በሚገባ ያላሰብሁበትን ነገር እንደ ገና ማሰብ ጀመርሁ።

ቀን የተቈጠረበት ድንጋይ

ሮም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በካፒቶሊን ኮረብታ የሚገኘውን ቤተ መዘክር ጐበኘሁ። መነሻው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በ1471 እ.ኤ.አ. ጥንታውያን የነሐስ ሐውልቶችን ለሮም ሕዝብ መስጠታቸው ነው፤ ለሕዝብ በይፋ የተከፈተው ግን በ1734 እ.ኤ.አ. ነው። የእኒህ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በቫቲካን የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የሆነው በእርሳቸው ዘመን ነውና።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነበር። አዳራሾቹ በአማልክትና በነገሥታት ምስል የተሞሉ ናቸው። «ሰማዕታት ለእነዚህ ዕጣን አናጥንም ብለው ሞቱ፤ እኛ ደግሞ የመግቢያ ዋጋ ከፍለን ልናያቸው መጣን» ብዬ በልቤ አጉረመረምሁ። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የጣዖታቱን ብዛት ባየ ጊዜ መንፈሱ እንደ ተበሳጨበት የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል (ሐዋ. 17)። ይሁን እንጂ ጳውሎስ በዚያ ብስጭት አልቀረም፤ ከተማይቱን እየዞረ በጥንቃቄ ተመለከተ፤ ከመሠዊያዎቹም መካከል ስሙ ላልታወቀ አምላክ የቆመውን አገኘ፤ ስብከቱንም ከዚያ ጀመረ። ሳይመለከት የተናገረ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን መሠዊያ ባላገኘ ነበር።

በአንዱ አዳራሽ የንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ታላቅ የነሐስ ሐውልት ይገኛል። ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት በ165 እ.ኤ.አ. ገደማ በሮም አንገቱን የተቀላው በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው። በመካከለኛው ዘመን እጅግ ብዙ የነሐስ ሐውልቶች ቀልጠው ለሌላ ሥራ ሲውሉ ይህ ተርፎ የቀረው፣ ክርስቲያኖች የቈስጠንጢኖስ ሐውልት ስለ መሰላቸው እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የሚያስደንቀው ግን ዮስጢኖስ ራሱ ያስተማረው ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ጠቢባን ያገኙት እውነት ሁሉ የቃል ዘር እንደ ሆነ ጽፏልና። በአረማውያን ዘንድ ያለውን መልካም ነገር ለመቀበል ያልፈራው ሰው፣ ለአማልክቶቻቸው ለመሠዋት ግን እንቢ ብሎ ሞተ። ሁለቱን አብሮ መያዝ እንደሚቻል በደሙ አስተማረን።

ከአደባባዩ ሥር ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኝ ዋሻ መሰል መተላለፊያ አለ። በግድግዳዎቹ የተደረደሩት የድንጋይ ጽሕፈቶች ሲሆኑ ብዙዎቹ የመቃብር ናቸው። ሮማውያን የመቃብርን ጽሕፈት ለሙታን መናፍስት በሚያቀርቡ ሁለት ፊደላት መጀመር ያዘወትሩ ነበር፤ ከዚያም የሟቹን ስም፣ ዕድሜውን፣ ድንጋዩን ያቆመለትንም ሰው ይጽፋሉ። በተለይ ሕፃን የሞተ እንደ ሆነ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑን ጭምር ቈጥረው ያስቀርጹ ነበር። በትምህርት ቤት በቀሰምኋት ጥቂት ላቲን እየተንተባተብሁ አንዱን የሕፃን ድንጋይ አነበብሁ፤ ዓመታት፣ ወራት፣ ቀናት።

ቀን የሚቈጥር ማን ነው? በእኛ ገጠር ልጅ የሞተባትን እናት ብትጠይቋት ስንት ዓመት ከስንት ወር እንደ ኖረ፣ በየትኛው ጾም እንደ ታመመ፣ በየትኛው በዓል ማግስት እንዳረፈ ሳትሳሳት ትነግራችኋለች። ድንጋይ የምታስቀርጽበት ገንዘብ ባይኖራት በልቧ ቀርጻዋለች። በዚያ ድንጋይ ፊት ቆሜ ሳለሁ እነዚያ ሰዎች በመጽሐፍ የማውቃቸው ጣዖት አምላኪዎች ብቻ መሆናቸው ቀረ፤ አባትና እናት ሆኑብኝ። ትንሣኤን ሳያውቁ ያለቀሱ በመሆናቸውም ኀዘናቸው ከኀዘናችን የከበደ መስሎ ታየኝ።

በዚያው ሰዓት አንድ ጐብኚ ጀርባውን ከድንጋዩ አስደግፎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ አየሁ፤ በውስጤም ተቈጣሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከአፒያ መንገድ ስባሪ ያነሣሁት እኔው ነኝ። የሌላውን ድፍረት ማየት ቀላል ነው፤ የራስን ግን ኪስ ይሸፍነዋል።

በቫቲካን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1854 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የጥንታውያን ክርስቲያኖች ቅርስ ክፍል አለ። በዚያ በጉን በትከሻው የተሸከመ የመልካሙ እረኛ ሐውልት ይታያል። በብዙ መጻሕፍት ስለሚታተም ሥዕሉን ሳታዩት አትቀሩም። ነገር ግን ሐውልቱ በመጀመሪያ ራሱን ችሎ የቆመ አልነበረም፤ በ300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከተሠራ የድንጋይ ሬሣ ሣጥን የተረፈ ስባሪ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ታድሶ እንደ ሐውልት ቆመ። በግ የተሸከመ ሰው ምስልም ክርስቲያኖች የፈጠሩት አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ የታወቀ ነበር። ክርስቲያኖቹ ያን ምስል ተቀብለው በእርሱ ውስጥ ጌታቸውን አዩ። ከሬሣ ሣጥን የተሰበረ ድንጋይ፣ ጠብቆ ያቆየው እጅ ስለ ተገኘ፣ ዛሬ እምነትን ያስተምራል።

ድንጋዮቹ እንዴት መጡ?

እስከዚህ የተናገርሁት ቤተ መዘክርን የሚያመሰግን ነው። ሌላም ወገን አለው። በሮም ጥንታዊ አደባባይ የጢጦስ ድል ቅስት ቆሟል። በውስጥ ግድግዳው የሮም ወታደሮች ኢየሩሳሌምን በ70 እ.ኤ.አ. ካፈረሱ በኋላ፣ ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን የቤተ መቅደስ መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። ምርኮውን የወሰዱት ሰዎች አላፈሩበትም፤ በድንጋይ ቀርጸው ተመኩበት።

የግብፅ ሐውልቶችም እንዲሁ ናቸው። በዮሐንስ ላተራን ካቴድራል አጠገብ የሚገኘው፣ ከ30 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ሐውልት ከግብፅ ካርናክ የመጣ ሲሆን፣ በ357 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥት ቈንስጣንዮስ 2ኛ ዘመን በታላቁ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ቆመ። ይህ ንጉሥ በታሪካችን የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አባታችንን ፍሬምናጦስን ከሣቴ ብርሃን ሰላማን፣ የአርዮስ ወገን በሆነው ጳጳስ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት የጠየቀ ነው። ደብዳቤው በቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ተጠብቆ ቆይቶልናል። የግብፅን ሐውልት ወደ ሮም ያመጣው እጅ የኢትዮጵያንም ጳጳስ ከመንበሩ ሊነቅል ሞክሮ ነበር።

በአክሱምና በሮም መካከል የነበረው ግንኙነት ግን የጉልበት ብቻ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወርቅ ገንዘብ ማሳተም ሲጀምሩ ክብደቱን ከሮማውያን መለኪያ ጋር አስማሙ። በኢዛና ዘመንም በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ለመስቀል ስፍራውን ለቀቀ። በትግራይ በየሓ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በተባለው ስፍራ በተደረገው ቁፋሮ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ በሮማውያን ጌጥ አምሳል የተሠራ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ባለ ፈርጥ የወርቅ ቀለበት፣ እንዲሁም መስቀልና የግዕዝ ጽሕፈት ያለበት የአንገት ድንጋይ መገኘታቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። እንግዲህ የሮም ቤተ መዘክር ስለ ባዕዳን ብቻ አይናገርም፤ ፍሬምናጦስም ከሮም ግዛት ከጢሮስ የመጣ ሰው ነበር።

ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1929 ዓ.ም.፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ፣ 24 ሜትር ያህል ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በሮም በፖርታ ካፔና አደባባይ ቆመ። ስፍራው የቈንስጣንዮስ ሐውልት በመጀመሪያ ከቆመበት የእሽቅድምድም ሜዳ ጫፍ ነው። ጣልያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወራት ውስጥ ለመመለስ ቃል ገብታ ነበር። ሐውልቱ ግን የተመለሰው ከ58 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንደ ገና ተተክሎ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። እኔ ሮም ስደርስ ሐውልቱ የለም። የነበረበትን ስፍራ ለማየት ሄጄ፣ ባለመኖሩ ደስ ብሎኝ ቆምሁ። አንድ ነገር በማጣት መደሰት ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

በዚያች ምሽት በጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጬ ይህን ሳስታውስ አንድ ነገር ገባኝ። የአክሱም ሐውልት በመወሰዱ የምንቈጣ ከሆነ፣ ቍጣችን ወሳጁ ጣልያናዊ ስለ ሆነ ብቻ መሆን የለበትም። ነገሩ ክፉ የሆነው አደራን ከስፍራውና ከባለቤቱ ስለ ነጠለ ነው። ያን ነገር መድፍ ቢያደርገው ወይም የነጋዴ ብር ቢያደርገው ቍስሉ አንድ ነው። የመድፉን ሰው ወራሪ ብለን ጠራነው፤ ብር የሚቀበለውን የገዛ እጃችንን ምን እንለዋለን?

የግብፅ ወርቅ

ይሁን እንጂ የአረጋዊው ካቴኪስት ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ እርሳቸው ያሉት «ለእግዚአብሔር ቤት» ነውና። ይህ ደካማ መከራከሪያ አይደለም። ታላቁ መምህር ቅዱስ አውግስጢኖስ፣ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ የግብፃውያንን ወርቅና ብር ይዘው እንደ ወጡ፣ ክርስቲያኖችም በአረማውያን ዘንድ ያለውን መልካም ትምህርት ወስደው ለወንጌል ማዋል እንደሚገባቸው አስተምሯል። እርሱ ግን የተናገረው ስለ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ቢወሰድ ከባለቤቱ አይጐድልም፤ መስቀል ቢወሰድ ግን መቃብሩ ባዶ ይሆናል። የአንዱን ሕግ በሌላው ላይ መጫን አይቻልም።

ደግሞም የዚያ ወርቅ ታሪክ በኦሪት እንዴት እንደ ቀጠለ እናስተውል። ሕዝቡ ለማደሪያው ድንኳን ወርቅ አቀረበ፤ ከዚያ በፊት ግን ከጆሮው ጕትቻ አውልቆ ጥጃውን አሠራ (ዘፀ. 32)። እንግዲህ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» ማለት ብቻውን ወርቁን አያነጻውም። መልካም ፍጻሜ ክፉውን መንገድ መልካም እንደማያደርገው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ሕፃናቱን ከዝናብ የሚያስጥል ጣሪያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ተቀምጠው «አትስረቅ» የሚለውን ሲማሩ፣ ጣሪያው ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አንድ ሕፃን እንኳ ቢኖር ምን እንመልስለታለን?

«ሟቹ ሌባ አይከስስም» የሚል ይኖራል። ሌላም ከዚህ የከበደ ተቃውሞ አለ፦ «እኛ ብንተወው አፈር ይበላዋል፤ የገዛው ሰው ግን በመስታወት ውስጥ ይጠብቀዋል» የሚል። በዚህ ውስጥ እውነት መኖሩን መካድ አልሻም። በሮም ራሷ ለብዙ መቶ ዓመታት ጥንታዊ እብነ በረድ እየተሰበረ ለኖራ ተቃጥሏል። ያነበብሁት የሕፃን ድንጋይ ዛሬ የሚታየው ያነሣውና የጠበቀው ሰው ስለ ነበረ ነው። በእኛም አገር በቸልታ፣ በእሳትና በምስጥ የጠፋው ጥቂት አይደለም። በመርጡለ ማርያም በንግሥት እሌኒ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በጦርነት ፈረሰ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደ ገና ሠሩት፤ ያም ፈረሰ። የተቀረጹት ድንጋዮቹ ግን እስከ ዘመናችን መድረሳቸው፣ የአካባቢው ሰው ቅዱስ ስፍራ መሆኑን አውቆ ስላከበራቸው ነው።

እንግዲህ መጠበቅ በጎ ሥራ ነው፤ ቤተ መዘክርም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ጠባቂ ሌላ፣ ባለቤት ሌላ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት የሚበዙት በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የያዛቸው ቤተ መዘክር ራሱ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ በተዘጋ ክፍል ያኖራቸዋል። ሊያሳይ የማይገባውን ነገር ይዞ መቀመጥ፣ ባለቤት አለመሆንን በዝምታ መመስከር አይደለምን?

ባለቤቱ በመንገድ ላይ ነው

በአማርኛችን ለዚህ ነገር የሚሆን አንድ ቃል አለን፤ እርሱም አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው በእጁ ቢሆንም የእርሱ አይደለም። ሊሸጠው አይችልም፤ ሊያበላሸው አይችልም፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ መልስ ይሰጥበታል። አደራ በላ መባል ከሌባ ከመባል የከፋ ስድብ የሆነው፣ ሌባ ያላመነውን ሰው ሲዘርፍ፣ አደራ በላ ግን ያመነውን ስለሚዘርፍ ነው። ሙታን ደግሞ ራሳቸውን መከላከል ስለማይችሉ ከሁሉ አብልጠው አምነውናል። ዓይናቸውን የምንከድነው፣ የምንገንዛቸው፣ መሬት የምናለብሳቸው እኛ ነን። ጦቢት በስደት አገር ሳለ የወገኖቹን ሬሣ በሌሊት እያነሣ የቀበረው፣ ከሙታን ብድራት ስለሚጠብቅ አልነበረም።

ትንሣኤን የማያምን ሰው «ሟቹ የለም፤ የሌለ ሰው ንብረት የለውም» ቢል እንደ እምነቱ ነው። እኛ ግን በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ብለን እንመሰክራለን። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሟች የጠፋ ሰው አይደለም፤ ባለቤቱ በመንገድ ላይ ነው፤ ይመጣል። ያች ቀን የተቈጠረላት የሮም ሕፃን ትመጣለች፤ ከአፒያ መንገድ ያነሣሁት ሸክላ ቤቱ የነበረ ሰውም ይመጣል። የእግዚአብሔር ምሕረት እምነታቸውን እርሱ ብቻ ወደሚያውቀው ሰዎች እንደምትደርስ ቤተ ክርስቲያን ትጸልያለችና፣ አረማዊ ነበር ብዬ ከፍርድ አላመልጥም። በደረቱ ላይ መስቀል ይዞ የተኛው የእኛ መንደር ሰውማ በዚያች መስቀል አምኖ ነው ያንቀላፋው። በመጨረሻው ቀን ሲነሣ መስቀሉን በማን አንገት ይፈልጋት?

የሙታን ንብረት የማን ነው ለተባለው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። የሟቹ ነው፤ በእኛ እጅ ግን አደራ ነው፤ ከእኛም በኋላ ለሚመጡት አደራ ነው። ያገኘው ሰው ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። መንግሥትም ቢሆን፣ ቤተ መዘክርም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን እንዲሁ።

የእሑዱ ንግግር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለተሰበሰቡት ነገርሁ፤ አስቀድሜም ስለ ሸክላዋ ስባሪ ተናዘዝሁላቸው። አረጋዊው ካቴኪስት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አባ፣ እንግዲያስ ሁለታችንም የምንመልሰው አለን» አሉኝ። ወጣቶቹ ግን ሁሉም አልተቀበሉትም። አንዱ «እኛ ብንተው ነጋዴው ከሌላ መንደር ይገዛል» አለ። እውነቱን ነው፤ ይገዛ ይሆናል። ነገር ግን የሌላው ኃጢአት እንደማይቀር ማወቃችን የእኛን ኃጢአት አያቀልልንም።

በሰኔ 1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በግንባታ ቁፋሮም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። በዚሁ መሠረት ለወረዳው አሳወቅን። መቃብሩ ካቶሊካውያን በዚያ ስፍራ ከመኖራቸው በፊት የነበረ ስለ መሰለን፣ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንንም ሽማግሌዎች ጠራን፤ አባቶቻቸው ሊሆኑ ይችላሉና። መስቀሏና ማሰሮዋ ተመዝግበው ተወሰዱ። ይህ ለአረጋዊው ቀላል አልነበረም፤ እንደ ገና ላያዩአት ይችላሉና መስቀሏን ከመስጠታቸው በፊት ተሳለሟት። አፅሙ ተፈቅዶልን እዚያው አጠገብ ተቀበረ፤ የጎረቤት ካህናትና እኛ በየተራ ጸለይንበት። የአዳራሹም መሠረት ጥቂት ክንድ ወደ ምሥራቅ ተዛወረ።

ጣሪያው በክረምቱ አልደረሰም። ግማሹ በምእመናን መዋጮ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ግማሹ ገና ሸራ ነው። ዝናብ ሲበረታ ሕፃናቱ ወደ አንዱ ወገን ተጠጋግተው ይማራሉ። ይህን የምጽፈው የበጎ ሥራ ዋጋ ወዲያው ይከፈላል ብዬ እንዳላታልላችሁ ነው። ስባሪዋን ደግሞ ለትምህርት ወደ ሮም ለሄደ አንድ ወጣት ካህን ሰጠሁት፤ ካነሣሁበት ስፍራ እንዳኖራት ነግሮኛል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛዬ ግን ቀሎታል።

የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። በመጀመሪያ፣ አትንኩት፤ ካሉበት ስፍራ የተነሡ ነገሮች ታሪካቸውን ይረሳሉና። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትወስኑ፤ ለቁምስናችሁ፣ ለመንግሥት አካል፣ ለጎረቤትም አሳውቁ። ሦስተኛ፣ ጸልዩ፤ ስሙን ለማታውቁት ለዚያ ሰው። እርሱን የፈጠረው ስሙን ያውቀዋል።

በዕረፍታቸው ላሉት ሁሉ ጌታ ዘለዓለማዊ ዕረፍትን ይስጥልን፤ እኛንም ለአደራው የታመንን ያድርገን። አሜን።